ያልተነገረው ሟርት

ትርንጎ ዘወትር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን በቲያትር ቤቱ የጎን በር ትገባና ጫማዋን አውልቃ መድረኩን በባዶ እግሯ ከዳር እስከ ዳር ትሄደዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ስታደርግ ኖራለች፤ የትኛው ሳንቃ እንደሚጮኽ፣ የትኛው እንደሚረግብ እግሯ ያውቀዋል። ክረምት ገብቶ ደሴ ላይ ጭጋግ ሲወርድ አዳራሹ ገና በቀኑ ይጨልማል፤ አሮጌው የከፋይ መጋረጃ እርጥበቱን እየጠጣ የሻገተ የእህል ጉድጓድ ይሸታል፤ ቆርቆሮው ላይ አንዳች ነገር ቀስ ብሎ እንደሚራመድ ሁሉ ቋ ቋ ይላል። እሷ ግን ለምዳዋለች።

የያዙት ተውኔት ስለ አንድ የጥንት ንጉሥ ነው። ንጉሡ ሊዘምት ሲነሳ ገድ የምታይ አሮጊት ሦስት ክፉ ምልክቶች ታሳየዋለች፤ ቁራ እግሩ ሥር ይወድቃል፣ ሞልቶ ያደረ እንስራ ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ይጮኻል። በመጨረሻ «ከዚህ ደጅ የወጣ አይመለስም» ትለዋለች። እሱ አይሰማትም፤ ይወጣል፤ በዚያው ይቀራል። አሮጊቷን የምትጫወተው ትርንጎ ስትሆን ንጉሡ ጋሽ አንዳርጌ ናቸው። ድሮ አባቷ «አዝማሪ ልትሆኚብኝ!» ብሎ ከቤት ሲያባርራት ቤታቸው ያስገቧት፣ ትንፋሽ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ዕለት ትርንጎ «ቁራ አየሁ፣ ጌታዬ» ብላ ሳትጨርስ ጣሪያው ድም አለ። የሆነ ነገር ቆርቆሮውን እየቧጠጠ ተንሸራተተና በተቀደደው ኮርኒስ በኩል መጥቶ ጋሽ አንዳርጌ እግር ሥር ዱብ አለ። ቁራ ነበር፤ ዓይኑ እንደተከፈተ።

«እሱም ሚና ፈልጎ ነው!» አለ አዘጋጁ ልዑልሰገድ። ሁሉም ሳቁ። ትርንጎም ሳቀች። በጋዜጣ ጠቅልላ ልትጥለው ስታነሳው ግን አሁን የሞተ ነገር ሙቀት አልነበረውም፤ ከሞተ የሰነበተ ያህል ደርቆ ቀዝቅዟል።

ማክሰኞ እንስራው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ለልምምዱ ትናንት ማታ እስከ አፉ የሞላችው እሷው ነበረች። አልተሰነጠቀም፤ የቆመበት ሳንቃም አልረጠበም። እጇን አስገብታ ውስጡን ስትዳስስ ጣቶቿ አቧራ ለብሰው ወጡ። ጋሽ አንዳርጌ አንገታቸውን አስግገው አዩና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ዙፋኑ ላይ በተቀመጡ ቁጥር ትንፋሻቸው ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ኮቴ እየዘገየ ይሰማት ጀመር።

ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከመድረኩ ሳንቃ ሥር ዶሮ ጮኸ። ጩኸቱ ረዘመ፤ ማብቂያው ላይ ደግሞ የዶሮ ሳይሆን ዶሮ መስሎ ለመጮኽ የሚታገል ሰው ድምፅ ሆነ።

«የጎረቤት ነው» አለ ልዑልሰገድ። የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ልምምዱ ሲያልቅ ትርንጎ ተከተለችው። «የመጨረሻዋን ቃል እናውጣት። ዝም ልበል።»

«ሟርት ፈራሽ እንዴ? ተውኔቱ እኮ የቆመው በዚያች ቃል ነው» ብሏት ጽሑፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ።

ወደ ጋሽ አንዳርጌ ሄደች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ያስራሉ።

«ጋሼ፣ ነገ ይቅሩ። አሞኛል ይበሉ።»

ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ምልክት ብቻውን ሰው አይገድልም። የጥንት ሰዎች ክፉ ነገር ሲያዩ አፋቸውን በነጠላ የሚይዙት ለምን ይመስልሻል? የሚሠራው አፍ ሲያወጣው ነው።»

«እንግዲያው አላወጣውም» አለች በልቧ። ማተቧን ይዛ ማለች።

ሐሙስ ጭጋጉ አዳራሹ ውስጥ ድረስ ዘለቀ። የፊት ረድፍ ላይ ከተቀመጠው ልዑልሰገድ ኋላ ያሉት ወንበሮች አንድ በአንድ ተዋጡ፤ ቆርቆሮው እንኳ ዝም አለ። ጋሽ አንዳርጌ ጋሻቸውን አንስተው በሳንቃ ወደተሠራው ደጅ ተራመዱና፣ እንደ ተውኔቱ፣ የአሮጊቷን ቃል ለመስማት ፊታቸውን መለሱ። ትርንጎ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ጥርሷ ከንፈሯን እስኪወጋው ድረስ ተጫነችው። አንድ ትንፋሽ። ሁለት ትንፋሽ። የምትጠብቀው የልዑልሰገድን ቁጣ ነበር፤ እሱ ግን ጽሑፉ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። ጋሽ አንዳርጌ ዓይን ዓይኗን አዩና ምስጋና በሚመስል ሁኔታ ራሳቸውን ነቀነቁላት።

ያኔ ከትከሻዋ ኋላ፣ ፀጉሯን በሚነካ ቅርበት፣ እርጥብ አፈር የሚሸት ትንፋሽ ተሰማት።

«ከዚህ ደጅ የወጣ አይመለስም።»

የጋሽ አንዳርጌ ዓይን ከእሷ ላይ ተነስቶ ወደ ኋላዋ ሄደ፤ ከራሷ ከፍ ብሎ ቆመ። ጋሻው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ እንደሚጎተት ሰው ደጁን አልፈው ወጡ፤ ኮቴያቸው አራት እርምጃ ተሰማና ተቋረጠ።

ልዑልሰገድ ቀና ሳይል ጽሑፉ ላይ ምልክት አደረገና «ጎሽ ትርንጎ» አለ፣ «ዛሬ ገና በራስሽ ድምፅ ተናገርሽው።»