የማር ቀማሹ ጥርስ

ወሰኔ ሌሊሳን መጀመሪያ ያየችው ማሯን ሲተፋ ነው።

ቅዳሜ ነበር። ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ባለው የወይዘሮ በዛብሽ ማር መረከቢያ ደጃፍ፣ ባለማሮች ጀሪካናቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ወሰኔ ከአንገር ጉቲን በኮረኮንቹ መንገድ ስትንገላታ ነው የመጣችው። አባቷ እርሻውን ሲይዙ እሷ ንቦቹን ይዛለች፤ ቀፎዎቹ የራሷ ናቸው።

ቀማሹ ሌሊሳ ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ ወጣት ነው። በእንጨት ማንኪያ ጨለፍ አድርጎ ምላሱ ላይ ያኖርና ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ወይ «ንጹሕ ነው» ይላል፣ ወይ «ስኳር ገብቶበታል» ይላል። የሱን ፍርድ የሚከራከር የለም። የወሰኔን ማር ቀምሶ «ንጹሕ ነው» አለና ወደ ጓሮው በር ዞር ብሎ ቱፍ አደረገው።

ወሰኔ ተከትላው ሄዳ ነበር።

«ማሬን ተፋኸው?»

ሌሊሳ ደነገጠ። «ንጹሕ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ንጹሕ ማር ይተፋል እንዴ? እኛ አገር የሚተፋው ዝንብ የገባበት ነው።»

ምን ይበላት? የሰልፉ ሰው አንገቱን ማስገግ ጀምሯል።

«ጥርሴን አሞኝ ነው» አላት።

ቁጣዋ ወዲያው ከፊቷ ላይ ጠፋ። «ውይ የኔ ወንድም። እና በታመመ ጥርስ ቀኑን ሙሉ ማር ትቀምሳለህ?»

«እንጀራዬ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ቀጥሎ ያለው ባለማር ጉሮሮውን ባይጠርግ ኖሮ እስከ ማታም እንዲያው የሚተያዩ ይመስሉ ነበር።

የሌሊሳ ሕመም ግን ጥርሱ ላይ አልነበረም። ዓምና ክረምት ውሃ አልጠግብ ብሎ፣ ሰውነቱ እያለቀ ሆስፒታል ሲሄድ ስኳር በሽታ እንዳለበት ነገሩት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። ይህን የሚያውቁት እናቱና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው። ለወይዘሮ በዛብሽ አልነገራቸውም። ስኳር ያለበትን የማር ቀማሽ ማን ያሠራል? ስለዚህ ይቀምሳል፣ ዞር ብሎ ይተፋል፣ አፉን ይጉመጠመጣል።

በሳምንቱ ወሰኔ ከማሯ ጋር በወረቀት የተቋጠረ ቅርንፉድ ይዛ መጣች።

«እናቴ ናት የላከችልህ። የሚያምህ ጥርስ ላይ ያዘው።»

«የትኛው ላይ?» አለ ሳያስበው።

«እኔ ነኝ የማውቀው?»

ሌሊሳ አንዱን መርጦ ያዘው። ወሰኔ ቆማ ስለምታይ ጉንጩንም በእጁ ደገፍ አደረገ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው መድኃኒት ይመጣለት ጀመር፤ አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቀን ስሙን የማያውቀው መራራ ሥር። አንድም የተነካ ጥርስ ሳይኖረው ሁሉንም አኘከ። ቅዳሜ ሲቃረብ ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ ግን የጥርስ በሽተኛ አይመስልም ነበር።

አንድ ሰሞን በጸጥታው ምክንያት የአንገር መንገድ ተዘጋ። ሌሊሳ የሌሎችን ማር እየቀመሰ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቅል አለ። ኪሱ ውስጥ የቀረውን ቅርንፉድ እያወጣ ያሸትታል። እሑድ ቸርች ሄዶ ሲጸልይ ስሟን ለመጥራት አፍሮ «መንገዱን ክፈት» ብቻ አለ።

መንገዱ የተከፈተ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወይዘሮ በዛብሽ ቢሯቸው ጠሩት።

«ጊምቢ መረከቢያ ልከፍት ነው» አሉት። «ኃላፊው አንተ ነህ። እየዞርክ ትገዛለህ፣ ትቀምሳለህ። ቤትም አለው። የሳምንት ሰው ይበለን፤ ያን ጊዜ ቁርጡን ትነግረኛለህ።»

ቤትም አለው። ሌሊሳ ከዚያ ወዲያ ያሉትን አልሰማም። መርፌውን ተወግቶ ቁርሱን ሊበላ ሲል ነበር የተጠራው፤ ከቢሮ ሲወጣ ደግሞ ወሰኔ ደጃፉ ላይ አቧራ ለብሳ ቆማለች። ቁርሱ ተረሳ።

«አካም ጂርታ?» አለችው በኦሮምኛ። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ከጎረቤት ልጆች ስትለማመደው ከርማለች።

«ደህና ነኝ» አለ በአማርኛ። አፉ ተሳሰረበት፤ ከደስታው መስሎት ነበር። ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ማንኪያውን ሊያነሳ ሲሞክር ወደቀበት።

«ሌሊሳ፣ ምን ሆንክ?»

እሱ ግን የጀሪካኗን ክዳን ታግሎ ከፈተና በእጁ ጨልፎ ማሩን ጎረሰ፤ ደግሞ ጎረሰ። ወሰኔ ይዛው ጓሮ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተወው፤ ዓይኑም ጠራ።

«ዛሬ ዋጥከው» አለችው በቀስታ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገራት፤ ስኳሩን፣ መርፌውን፣ ተወግቶ ሳይበላ ሲቀር ስኳሩ ወርዶ ጣፋጭ ካላገኘ ሊወድቅ እንደሚችል።

ወሰኔ ጉንጩን አየት አደረገች። «ጥርስህስ?» አለችው።

«ጥርሴ ደህና ነው።»

«እናቴ ለጥርስህ ስለት ተስላለች እኮ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ በዛብሽ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ጊምቢ ሊልኩኝ ነው። ብነግራቸው ጊምቢም ይቀራል፣ ይሄም ይቀራል። ያለ ሥራ ደግሞ…» ንግግሩን ሳይጨርስ ወደ እሷ አየ።

ወሰኔ ገባት። ጉንጯ ቀላ።

«መናገሩ ያንተ ፈንታ ነው። እኔ ለማንም አልናገርብህም» አለች። «ግን ጊምቢ ላይ እንዲህ ብትሆን አጠገብህ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ሰክሯል ብሎ ትቶህ ቢሄድስ? እኔ ከአንገር ጮኬ አልደርስልህም።»

ያን ሳምንት ሌሊሳ ልቡ አላረፈም። አንድ ቀን ልንገር ይላል፣ አንድ ቀን ዝም ልበል ይላል። እግዚአብሔር ሕመሙን ያውቃል፤ ይህ ሁልጊዜ ያጽናናው ነበር። አሁን ግን የሚያጎርሰውስ በሰው እጅ አይደለም ወይ የሚል ሐሳብ መጣበትና አልለቀው አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ሳይቀመጥ ተናገረ። «እትዬ፣ ስኳር በሽታ አለብኝ። ማሩንም ስተፋው ነው የኖርኩት።»

ወይዘሮ በዛብሽ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መትፋትህንማ አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ዓይን የለኝም እንዴ? እኔ ስለት ያለብህ መስሎኝ ነበር። ማር ላትውጥ ለፈጣሪህ የተሳልክ። ጴንጤ ደግሞ እንዲህ ያለ ስለት አለው ወይ እያልኩ ስገረም ከረምኩ። ለባለማሮቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ የሚያከብሩህ ለዚያ ነው።»

ሌሊሳ ይሳቅ ያልቅስ አላወቀም።

ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሌሊሳ ነገሩ ያለቀ መስሎት የሥራ ልብሱን ቁልፍ መፍታት ጀመረ።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ላስረክብዎ ብዬ።»

«ማን አባረረህ? ቁልፍህን ቆልፍ» አሉት። «ከዛሬ ጀምሮ ግን አትቀምስም።»

ይህ ቃል ከጠበቀው በላይ አመመው። ዓይኑን ጨፍኖ ማሩ የየትኛው አበባ እንደሆነ የሚያውቅባት ያቺ ቅጽበት ኩራቱ ነበረች።

«ጊምቢ ትሄዳለህ፤ ብቻህን ግን አይደለም» ሲሉ ቀጠሉ። «አንተ ትገዛለህ፣ ትመዝናለህ። የሚቀምስልህ ሰው እፈልጋለሁ። ማር የሚያውቅ፣ ሕመምህንም የሚያውቅ።» በመስኮቱ ወደ ሰልፉ አመለከቱ። «ያቺ ጥርስህን የምታክመው ልጅ እሺ ትላለች?»

ሌሊሳ ወጣ። ወሰኔ ሰልፉ ላይ ሆና ፊቱን ለማንበብ ትሞክራለች።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ።»

«እና?»

«ቀማሽ ፈልግ ተብያለሁ።» ማንኪያውን አቀበላት። ስትቀበለው ጣቶቹን አልለቀቀችም። ቀጥሎ ያለው ባለማር ጉሮሮውን ጠረገ፤ በዚህ ጊዜ የሰማው የለም።

ከመስቀል በኋላ የሌሊሳ ቸርች ሽማግሌና ወይዘሮ በዛብሽ ሌሊሳን አስከትለው አንድ መኪና ተሳፍረው አንገር ጉቲን ለሽምግልና ወረዱ። የወሰኔ አባት የሁለቱን የቤተ እምነት ልዩነት አንስተው ብዙ ተነጋገሩ፤ ውለው ውለውም ተስማሙ። በመጨረሻ «ልጁ ጤናው እንዴት ነው? ጥርሱን ያመዋል ሲባል ሰምቻለሁ» ብለው ጠየቁ።

ሌሊሳ ሽማግሌዎቹ እስኪመልሱለት አልጠበቀም። ከበሩ አጠገብ ተነስቶ ቆመና፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ጥርሱ ደህና መሆኑን፣ ያለበት ስኳር መሆኑን ነገራቸው።

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲያ እኔ ምን እላለሁ» አሉ።

ዛሬ ጊምቢ ላይ እሷ ትቀምሳለች፣ እሱ ይመዝናል። ስኳሩ ለሚወርድበት ቀን ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ ማሰሮ የአንገር ማር ለብቻው ተቀምጧል፤ የማንም እጅ አይነካውም። የወሰኔ እናት ዛሬም በመኪና ቅርንፉድ ይልካሉ፤ ተው የሚላቸው አልተገኘም። ወሰኔ ሻይ ውስጥ ትጨምረዋለች። ስኳር የሌለበት ሻይ በቅርንፉድ ሲጠጣ ደስ ይላል። ሌሊሳ የመጀመሪያውን ፉት ሲል ዓይኑን ይጨፍናል።

«እህ?» ትለዋለች።

«ንጹሕ ነው» ይላታል።