የወለቀው ካዝና

ዳባት በሚገኘው ቤቱ፣ ታደለ ጆሮ ግንዱን በጥይት ተመትቶ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። የዒላማ ሽጉጡ በቀኝ እጁ ነበር፤ ባዶ የጥይት ካዝናው ግን ከሽጉጡ ወልቆ መደቡ ላይ ተቀምጧል። መንደሩ ሳያጣራ ፈረደ፤ «ራሱን ነው የገደለ!» አባ ባርናባስም ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም ብለው በር ላይ ቆሙ።

እናቱ እማማ በለጠች ከደባርቅ የመጣችውን ኢንስፔክተር እስከዳርን ክንዷን ጨመደዱ። «አንቺ ልጅ፣ እውነቱን አውጪልኝ። ልጄ እንደ ውሻ ሜዳ አይጣልም!»

«ዛሬ ማን መጥቶ ነበር፣ እማማ?»

«ሙሌና ይግዛው ናቸዋ! ከሽጉጥ ሌላ ወሬ የሌላቸው።»

ሁለቱም የታደለ የዒላማ ተኩስ ጓደኞች ናቸው፤ ይግዛውን ግን አምና ሰክሮ ቢተኩስ ታደለ ከተኩስ ማኅበሩ አባሮታል። እስከዳር ለየብቻ ጠርታ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ «ካዝናው ወልቆ በርሜሉ ውስጥ አንድ ጥይት ቢቀር፣ ይተኩሳል?»

ይግዛው ሳቀባት። «እንዴታ! እሷው ቀርታ አይደል ታደለን የበላችው? ስንት ዘመን የያዝሁትን አንቺ ልትነግሪኝ?»

ሙሌ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አሮጌው ይተኩስ ነበር። የዘንድሮው፣ የታደለ ዓይነቱ፣ ካዝናው ከወለቀ ቃታው አይሠራም። ፋብሪካው ለጥንቃቄ ብሎ ቀይሮታል።»

ሁሉንም ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ከሙሌ የተቀበለችውን የታደለ ዓይነት ሽጉጥ ጥይት አጉርሳ፣ ካዝናውን ነቅላ፣ ወደ አፈሩ ደግና ቃታውን ሳበች። ዝም። ካዝናውን መልሳ ሳበች። ጧ! ለቀስተኛው በርግጎ ተበተነ።

«አያችሁ? ታደለ ሲመታ ካዝናው ሽጉጡ ውስጥ ነበር። ታዲያ ማን ነቀለው? ሬሳ ተነሥቶ መደብ ላይ አያስቀምጥም። ገዳዩ ነው። ሙሌ ቢሆን ይህን ሽጉጥ ያውቀዋልና ካዝናውን ባልነቀለ። ይግዛው የሚያውቀው አሮጌውን ነው፤ አዲሱ የመጣው እሱ ከተባረረ ወዲህ ነው።»

«እኔ ምን ብዬ ካዝና እነቅላለሁ?» አለ ይግዛው።

እማማ በለጠች ጣታቸውን ዓይኑ ላይ ቀሰሩበት። «ምን ብለህ? የጎረሰ መሣሪያ ቤት ውስጥ ማኖር ነውር ነው ብሎ አባትህ አላሳደገህም? እቤቴ በገባህ ቁጥር ነቅለህ መደቤ ላይ አይደል የምታኖር?»

ይግዛው እጆቹን እንደ ባዕድ እጅ አያቸው። «ሳላስበው... እጄ ነው የነቀለው» አለ።

«ልጄን መግደልህ አንሶ ከእግዜር ልታጣላው!» አሉና እማማ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ምን ቆመው ያዩኛል? ይጀምሩ እንጂ!»

አባ ባርናባስ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ወዲያው የፍትሐቱ ዜማ ከቤት ወጣ፤ እማማ በለጠች ያን ጊዜ ነው ያለቀሱ።