የሀንዲሶ ዋንዛ

ውሸት ነው የሚል ካለ ሌሞ ድረስ ይምጣና ጉድጓዱን ይይ። አልደፈንኩትም።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ። ሌሊት ቢሆን "አሮጊቷ ቃዠች" ትሉኝ ነበር።

ቦታው የእኔው ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል፣ የባሌ የሀንዲሶ መቃብር አጠገብ።

ሀንዲሶ ሁለት ሚስት ነበረው። ታላቋ እኔ ነኝ፣ ሙሉመቤት። ታናሿ ሰብሌ ናት፣ ከአጥሩ ማዶ። ዕድሜውን ሙሉ እኔ ቤት በላ፣ እሷ ቤት አደረ።

ሲሞት ግን ሽማግሌዎቹን አፋጠጥኳቸው። "በቁሙ ወሰደችው። ሬሳው የእኔ ነው!" አልኩ። ጓሮዬ ተቀበረ። ራስጌው ላይ ዋንዛ ተከልኩበት።

አራት ዓመት ደስ ብሎኝ ኖርኩ። በሬን በዘጋሁ ቁጥር "ዛሬስ የት ትሄዳለህ?" እለዋለሁ።

ከዚያ ሀኒ የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። የዛፍ ሥር ነው አሉ የምታጠናው። ከመቃብሩ ራቅ ብላ፣ በአጥሩ በኩል፣ ዋንዛው ሥር ቆፈረች። አፈሩን ስንዝር በስንዝር እየቆረጠች በወንፊት ትነፋለች።

"ለዚህ ነው አባትሽ ያስተማረሽ?" አልኳት።

ሳቀች። "እማማ፣ ዛፍ የሚበላው በወፍራሙ ሥር አይደለም። እንደ ፀጉር በቀጠነው ነው። እሱ ደግሞ አብዛኛው ላይ ላዩን ነው፣ ሁለት ስንዝር ውስጥ። ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል።"

"ይሄንንማ አረም የነቀለ ሁሉ ያውቀዋል።"

የመጀመሪያውን ስንዝር ነፋች። አንድም ሥር የለም።

ሁለተኛውን። ምንም...

ሀኒ መሳቋን ተወች።

ጉልበቷ ድረስ ስትወርድ ጥቂት ክር ታየ። ወገቧ ድረስ ስትወርድ... አፈሩ ጠፋ። ሥር ብቻ ሆነ። ነጭ። እንደተበጠረ ቃጫ።

"እማማ..." አለች በሹክሹክታ። "ይሄ ተገልብጧል። ላይ መሆን ያለበት ሁሉ ታች ነው።"

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ክሩ ሁሉ በአንድ በኩል ተኝቷል።

ወደ አጥሩ።

ወደ ሰብሌ!

ደሜ ፈላ። "ሞተህም?" አልኩ። እንሰት የምቆርጥበትን ቢላ ይዤ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። አንድ እፍኝ ጨብጬ ቆረጥኩት።

የተቆረጠው ጫፍ ሹልክ ብሎ አፈር ውስጥ ገባ። ከወዲያ የሚጎትተው እንዳለ።

"ሳበው... እማማ፣ ሳበው እኮ!" ሀኒ ወንፊቷን ጥላ ሮጠች።

ከአጥሩ ማዶ ሰብሌ ጮኸች።

አንዴ ብቻ።

ሄድኩ። በሯ ገርበብ ብሏል። አልጋዋን ወደ ግድግዳ ገፍታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ወለሉን ሰንጥቆ የወጣ ሥር አለ። ነጭ፣ ቀጭን፣ ጥቅጥቅ ያለ። ርዝመቱ የተኛ ሰው ያህላል።

ትከሻ አለው።

"እትዬ..." አለች ቀስ ብላ። "ለምን ቆረጥሽው? አሁን ገና ተኝቶልኝ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቀስ በይ..."

"ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩሽ!"

"ከተቀበረ በሳምንቱ።"

ያኔ ዋንዛዬ ክንድ አይሞላም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራል። እኔ ነደድኩ። አራት ዓመት በር የዘጋሁት ለባዶ ጉድጓድ ነው?

ከወዲህ በኩሉ ተንበርክኬ እጄን ሥሩ ውስጥ ከተትኩ። "ታላቋ ነኝ" አልኩት። "ዙር ወደዚህ።"

ይሞቃል...

ዞረ። ነፋስ እንዳጎነበሰው ሣር ሁሉም ወደ እኔ ዘነበለ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ቤተ ክርስቲያን ቆመን ያጠለቀልኝ ቀለበት ጋ ሲደርስ ቆመ።

ቀስ አድርጎ አወለቀው።

ከክር ወደ ክር እየተቀባበለ ወሰደው... ከእኔ ወደ ወዲያ።

ሰብሌ ቀና ብላ አላየችኝም። ጣቷን ዘርግታ ትጠብቃለች።