ከቦንጋ የላክኋቸው የአይጥ ጉበቶች

እኔ ወዳጄ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሂሳቤን ከፍዬ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ያደግሁት እዚሁ ከፋ፣ ዋጫ ነው፣ እናቴ ስለ ጫካው መናፍስት የምታወራው አያልቅባትም ነበር፣ እኔ ግን ገና ልጅ ሆኜ «አንቺ በዓይንሽ አይተሻል ወይ?» እያልኩ አፋጥጣታለሁ፣ አላየችማ። ባዮሎጂ ተምሬ ቦንጋ ላይ ማስተማር ስጀምርማ ይሄ ጠባዬ ጭራሽ ባሰበት። ስለዚህ የምነግርህን ነገር የምነግርህ አምኜበት እንዳይመስልህ፣ ስለሆነ ብቻ ነው።

ነገሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ነው። እኛ አገር የቡና ቅጠል አፍልቶ መጠጣት የተለመደ ነው፣ እኔም ይሄ መጠጥ ጉበት ላይ ምን ይሠራል ብዬ ተነሳሁ፣ ግማሾቹን አይጦች የቅጠሉን ውሃ፣ ግማሾቹን ተራ ውሃ እያጠጣን ከረምንና በመጨረሻ ገድለን ጉበታቸውን ወሰድን። የሚንከባከቧቸው እትዬ ብርሃኔ ናቸው፣ የኮንትራት ሠራተኛ፣ ተረበኛ ሴትዮ፣ አይጦቹን «ሳይሠሩ የሚበሉ የመንግሥት ሠራተኞች» ነበር የሚሏቸው። በመጨረሻው ቀን ጠዋት እንኳ መኖ ሞልተውላቸው፣ ጉንጫቸው እስኪነፋ ሲያኝኩ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ።

ናሙናውን ፍሪዘር ውስጥ ባስቀመጥን ማግስት መብራት ጠፋ። ቦንጋ ዝናብ ሲበረታ መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም፣ ያን ጊዜ ግን ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ፣ ሰኞ ስከፍተው በረዶው ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ። እኛ ከጉበቱ የምንፈልገው አርኤንኤ፣ ዘረመሎቹ ሲሠሩ የሚተዉት መልእክት በለው፣ ሙቀት ካገኘው ይበጣጠሳል። ሌላ አይጥ የለኝ፣ ሌላ ዓመት የለኝ፣ ናሙናው ከተበላሸ ዲግሪዬ አለቀለት፣ ከዲግሪው ጋር የማስተማር ቦታዬም። እውነቴን ነው፣ ፍሪዘሩ ፊት ቆሜ ማልቀስ ነው የቀረኝ።

እንደገና በረዶ ሞልቼ፣ ሳጥኑን ታቅፌ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወሰድኩት፣ እዚያ የአርኤንኤ ምርመራ ለተመራማሪዎች የሚሠራ ላቦራቶሪ አለ። የተቀበለችኝ ሳምራዊት የምትባል ባለሙያ ናት፣ የደረሰውን ሳልደብቅ ነገርኳት፣ እሷም «መጀመሪያ ጥራቱን እናያለን፣ ከተበጣጠሰ ማይክሮአሬዩን አንሠራም፣ ትርፉ ድካም ነው» አለችኝ። ማይክሮአሬይ ማለት በቀላሉ ልንገርህ፣ ትንሽ መስታወት ናት፣ ላይዋ በነጠብጣብ የተሞላ፣ የትኛው ዘረመል ሲሠራ እንደነበር፣ የትኛው ተኝቶ እንደነበር በብርሃን ትነግርሃለች።

የደወለችልኝ አመሻሽ ላይ ነው። ዝናቡ አባርቶ የተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ ብቻዬን ተቀምጫለሁ።

«መምህር፣ ቀልጦ ነበር ያሉኝ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«በእጄ ነክቼዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔም አልገባኝም። ዛሬ ጠዋት የተወሰደ ነው የሚመስለው፣ አንዱም አልተበላሸም።»

ላመሰግናት አፌን ስከፍት ነው ድምፁን የሰማሁት። ክርር ይልና ያቆማል፣ ደግሞ ክርር። አይጥ ያረባ ሰው ይህን ድምፅ አይስተውም፣ መኖ ሲያልቅባቸው የሽቦ ክዳኑን በጥርሳቸው ይሞርዱታል።

«እናንተም አይጥ ታረባላችሁ እንዴ?» አልኳት።

«እኛ ጋ የሚመጣው ብልቃጥ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እርስዎ ከአይጦቹ ክፍል የሚያናግሩኝ መስሎኝ ዝም አልኩ» አለች።

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት፣ በረንዳው ጭጭ ያለ ነው። መልሼ አስጠጋሁት፣ አለ። እሷም እንደኔው ስታደርግ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ሁለታችንም «ኔትወርክ ነው» ብለን ሳቅንና ዘጋን፣ መቼስ ኔትወርክ የማይሸከመው ጥፋት የለም።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የተሳሳተ ፋይል የከፈትኩ መሰለኝ። ጉበት ሲራብ የሚያበራቸው ዘረመሎች አሉ፣ ሲጠግብ ያጠፋቸዋል፣ የኔዎቹ በሙሉ በርተው ቁጭ ብለዋል፣ ቅጠል የጠጣውም ውሃ የጠጣውም። ቁርስ የመዝለል ረሃብ ቢሆን አይገርመኝም፣ ይሄ ግን አይጥ በሕይወት ቆይቶ የማይደርስበት ረሃብ ነው፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የምፈልገውን ልዩነትም ጠራርጎ ውጦታል።

አማካሪዬ ወረቀቱን አየና ብዙ አላሰበም። «ሴትዮዋ አላበሏቸውም፣ መኖውን ቤታቸው ወስደውት ይሆናል። እሱን እንደ ጥናቱ ጉድለት ጻፈውና ተመረቅ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ሌላ የምለው የለኝም። ግን ሲያኝኩ አይቻለሁ እኮ! ይህን ከጻፍኩ ደግሞ የእትዬ ብርሃኔ ኮንትራት እዚያው ላይ ያበቃል።

ነገሩን ከሰው ከሚሰሙት ብዬ ራሴ ነገርኳቸው። መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አዩኝ፣ ለካ የተቆጡ ሰው ሲቀልዱም ያስፈራሉ።

«ስማ ልጄ፣ እስከዚያ ቀን ጠዋት የኔ ኃላፊነት ነው፣ አብልቻለሁ። እናንተ ከወሰዳችኋቸው ወዲያ ለራባቸው እኔ አልጠየቅም።»

ሳቅሁ። እመነኝ፣ ቤቴ እስክገባ ድረስ እየሳቅሁ ነበር፣ ከዚያ አልሳቅሁም።

ሳምራዊት ጋ ደውዬ ከተረፈው ጉበት ምርመራውን እንድትደግምልኝ ለመንኳት። የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፣ የመጀመሪያው የመሣሪያ ስህተት ከሆነ ሁለተኛው ያጋልጠዋል፣ እትዬ ብርሃኔም ነፃ ይወጣሉ፣ እኔም ልዩነቴን አገኛለሁ። የሞተ ሥጋ መቼስ አይለወጥም። ናሙናው እዚያው እነሱ ፍሪዘር ውስጥ ነው የከረመው፣ እዚያ ደግሞ መብራት አልጠፋም።

ስትደውል ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

«መምህር፣ ጨምሯል።»

«ምኑ?»

«ረሃቡ። ሁሉም ላይ። ሁለቴ አየሁት፣ ሌላ ሰውም አሳየሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ፍሪዘሩ ያለበት ክፍል ብቻዬን መግባት ትቻለሁ፣ ሰው ይዤ ነው የምገባው። ትንሽ ተርፏል። አሠራራችን ወይ እናስወግዳለን ወይ ለባለቤቱ እንመልሳለን፣ ምን ላድርጋቸው?» አለችኝ።

ልብ በል፣ ላድርገው አላለችም፣ ላድርጋቸው ነው ያለችው። ድምፁም አለ፣ ከስር ከስሯ፣ አሁን ማቆሚያ የለውም።

«ደውዬ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ፣ አልደወልኩም። አማካሪዬ በየሳምንቱ «ጻፍከው?» ይለኛል፣ አልጻፍኩም፣ በሴትዮዋ ላይ የምጽፈው የለኝም፣ እውነቱን ብጽፍ ደግሞ የሚያስመርቀኝ የለም፣ ዲግሪዬም እንደተንጠለጠለ ነው። ሳምራዊት ትናንትም ደውላ ነበር፣ አላነሳሁትም። ምን ልበላት? ይወገዱ እንዳልል ርቧቸዋል፣ ይመለሱ እንዳልል ደግሞ እዚህ ሲመጡ ምን ላበላቸው ነው?