የቀላው ወደ ላይ

ከሙስዐብ ጋር የተዋወቅሁት በንዴት ነው። ከከሚሴ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው ኮፒ ቤቱ የሥራ ማመልከቻ ላሳትም ገባሁ። እሱ ኤክሴል ላይ የጀርመንኛ ቃላት እየደረደረ አላየኝም።

«ወንድም፣ እዚህ ሰው ቆሟል።»

«አብሽሪ፣ አንዴ።»

ጀርመንኛው፣ አማርኛው፣ ኦሮምኛው በየዓምዱ ተደርድሯል። የሳተውን ቃል እየፈለገ አንድ በአንድ ቀይ ይቀባል። አካውንቲንግ ተምሬ ይህን ማየት አልቻልኩም። ኪቦርዱን ነጥቄ፣ መልሱ ሲሳሳት ረድፉ በራሱ እንዲቀላ አደረግሁለት።

«የቀላው ወደ ላይ ይመጣል። የማታውቀውን መጀመሪያ ተጋፈጠው።»

«ማሻ አላህ» አለ፣ እኔን እያየ።

«ስክሪኑን እይ።»

በማግስቱም ሄድኩ። ሊፈተን ለተመዘገበበት የጀርመንኛ ፈተና አብረን መዘጋጀት ጀመርን። አንዳንዴ እንድጮህበት ብሎ የሚያውቀውን ይስታል።

አባታችን ከሞተ ወዲህ በቤቱ የሚያዘው ወንድሜ ዩሱፍ ነው። ለአንድ የባቲ ነጋዴ ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል። ወሬያችንን ሰምቶ አንድ ቀን ከሰዓት ዱላ ይዞ ኮፒ ቤቱ ገባ። ስክሪኑን ሰበረው። ወደ እኔ ሲዞር ሙስዐብ ቀኝ እጁን ዘረጋ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። በርጩማ አንስቼ የወንድሜን ግንባር ፈነከትኩት። የገላገለን ሰው ሁሉ በደም ተነከረ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሙስዐብ እጁ በጀሶ ታስሮ «ካሳ አልፈልግም፤ መሪማን ስጡኝ» አለ።

«በል ዩሱፍ» አሉ ሼህ አብዶ፣ «እህትህን ስጥና ታረቅ።»

በር ላይ ሆኜ ስሰማ ደሜ ፈላ። ገባሁ።

«ሼህ፣ እኔ የእጅ ካሳ አይደለሁም። ካሳውን ይክፈል፣ የስክሪኑንም ጭምር። ባቲ አልሄድም። ሙስዐብን የማገባው ስለፈለግሁት ነው።»

ሙስዐብ አንገቱን ደፋ። «መጀመሪያ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ነበረብህ።»

ዩሱፍ የግንባሩን ፋሻ ነካካ። «ውሰዳት። የእኔን ዱላ ቀምሰሃል፤ የእሷን ደግሞ ታየዋለህ።»

ኒካሁ እስኪታሰር ሙስዐብ የጀርመንኛውን ቃል ይናገራል፤ እጁ ስለታሰረ እኔ እጽፋለሁ። ዩሱፍ በመሀላችን ተቀምጦ ይጠብቀናል።

በኒካሁ ቀን የሚድረኝ ወሊዬ እሱ ነበርና የሙስዐብን ቀኝ እጅ መጨበጥ ግድ ሆነበት። ከጀሶው የወጡትን ጣቶች ያዘ። ከዚያም ጨመቃቸው። ከሴቶቹ በኩል ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ የሙስዐብ ፊት ሲገረጣ፣ ላቡ በአገጩ ሲወርድ አየሁ።

«ተቀብያለሁ» አለ፣ ድምፁ ሳይሰበር።

ዩሱፍ አልለቀቀም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አልቋል። ልቀቀው።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ በግራ እጁ ግንባሩን ዳበሰ። ለቀቀው።