ጋቢና ውስጥ የታቀፈችው ዶሮ

መኪና እያደሰ የሚሸጠው በላቸው ለዓመታት አገር ላገር ሲፈልግ ከኖረው ዓይነት አሮጌ ፒካፕ ሥር በጀርባው እንደተንጋለለ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር አምሳለች ከሞጣ እስከ ቢቸና ያንገላታትን መንገድ ከወገቧ ሳታራግፍ ወደ መኪናው ባለቤት ወደ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ግቢ ገባች። ሬሳው ተነሥቷል። ጎማው የወለቀው መኪና በሆዱ መሬት ላይ ተኝቷል። መካኒኩ ሽታሁን በካቴና ታስሮ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሏል።

«ክሪኩ የሱ ነው፤ ትናንት ሲጣሉም ሰፈሩ ሰምቷል» አለ ጠባቂው ፖሊስ። «የቀረን ቃል ተቀብሎ ወደ ማረሚያ መላክ ነው።»

«ማረሚያው የትም አይሄድ» አለች። ጉልበቷ እየጮኸባት ክሪኩ አጠገብ ተንበረከከች። ዘይት አልፈሰሰም፤ ዘይቱን ለቅቃ ክሪኩን የምታወርደው ብሎን ግን ተፈትታለች። ሰው ነው የፈታት።

ወደ ጋቢናው አንገቷን አስገባች። ወንበሩ ላይ የዶሮ ጭድ አለ፤ የተሰባበረው የፊት መስታወት የጭዱን ጎድጓዳ ሞልቶታል። አተኩራ አየችው።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ሽታሁንን።

«በቀለም። እኔ ነጭ ስል እሱ ‹እንደ ጥንቱ ሰማያዊ› አለ። ለቀለም ሰው ይገደላል?»

«ባነሰም ይገደላል፣ ልጄ።»

«ዛሬ ደግሞ ‹ሥራው ቀርቷል፤ የፈታነውን እኔ እገጥመዋለሁ፣ ሂድ› አለኝ። ተናድጄ ሄድኩ። ከጋቢናው መፍቻዬን ላነሣ ስል እንኳ የእትዬ ፀሐይነሽ ዶሮ በምንቃሯ ወጋችኝ።» የእጁን ጭረት አሳያት። «እስክትፈለፍል እንዳትነኩብኝ ብለውን ከሥር ከሥር ነበር የምንሠራው።»

ወሬውን ሰምቶ የደረሰው የሞጣው የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ሙሂዲን የበላቸው ሸሪክ ነው። «ጁምዓ ሶላት ላይ ነበርኩ፤ መስጊዱ ሙሉ ምስክር ነው። ከዚያ በፊት ደውሎ ‹ይህን መኪና አንነካውም› አለኝ። ‹አብደሃል?› ብለው፣ ‹ሽማግሌ እስኪቀመጥ አትጠይቀኝ› አለኝ።»

አምሳለች ሬሳው ወዳለበት ሰው ልካ የሟቹን ኪስ አስፈተሸች። ብርቱካናማ የፍሬቻ ስባሪ ወጣ። አወቀችው።

ፀሐይነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«የት ነበሩ፣ እትዬ?»

«ገበያ። ስመለስ ሰው ግቢዬን ሞልቶታል።»

«ዶሮዋስ?»

«ምስኪን! ከዚያ ሁሉ ስብርባሪ መሃል ከነእንቁላሏ አውጥቼ ወጥ ቤት አስገባኋት።»

ዶሮዋ ወጥ ቤት ጥግ፣ እንቅብ ውስጥ ተኮፍሳለች። ከሥሯ ያሉት እንቁላሎች አንድም አልተሰነጠቁም።

አምሳለች ሁሉንም መኪናው ዘንድ ሰበሰበች።

«ክሪኩን ሰው ለቆታል። ሽታሁን ሲሄድ ዶሮዋ ጋቢና ነበረች፤ እጁ ይመሰክራል። መኪናው ሲወድቅ እዚያው ብትሆን ኖሮ መስታወቱ በጀርባዋ ላይ በወረደ፣ እንቁላሉም በተሰበረ። ስባሪው ግን ያረፈው ባዶው ጭድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያነሣት ሰው፣ መኪናው ከመውደቁ በፊት እንደሚወድቅ ያውቅ ነበር። ‹ከወደቀ በኋላ አወጣኋት› ያሉኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።»

ሙሂዲን «ያ ረቢ!» ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

አምሳለች ስባሪውን ከፒካፑ የግራ ፍሬቻ ጋር አገጣጠመችው። ልክክ አለ። «የሞጣው ፋንታ፣ መኪና ልጁን ገጭቶ ገድሎ ካመለጠበት ቦታ ያነሣው ነው። በየዓመቱ ቢሮዬ ይዞት ይመጣ ነበር። አሮጌ መኪና ሁሉ በበላቸው እጅ ያልፋልና መኪናውን እንዲፈልግለት ለሱ ሰጠው።»

ፀሐይነሽ ነጠላቸውን አጠበቁ። «የገጨው ባሌ ነው፤ እሱ አፈር ለብሷል። ደሙ የሚወርደው በአንድያ ልጄ ላይ ነው። በላቸው ‹ለፋንታ መንገሬ አይቀርም› አለኝ። ዶሮዋን ሳነሣ ድምፄን ሰምቶ ከሥር ሆኖ፣ ‹እትዬ፣ ምነው? እኔ እኮ አልነካትም› አለ…»

«ፋንታ ደም አልፈለገም» አለች አምሳለች፣ ቃሉ እየከበዳት። «‹ማን እንደሆነ ልወቅና እግዜር ይፍታው ልበል› ነበር የሚለኝ። ሽማግሌው ለእርቅ ነበር፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ያጠበቁትን ነጠላ ከትከሻቸው አወረዱ።

ካቴናው ከሽታሁን እጅ ወለቀ። ፀሐይነሽ ሳይጠየቁ የራሳቸውን እጅ ዘረጉ።

«ሽታሁን» አሉት። «ያቺ ዶሮ አደራ። ውሃውን አጠገቧ ካላደረግህላት ከእንቁላሏ ተነሥታ አትጠጣም።»

ሽታሁን የእጁን አንጓ አሻሸ። ከዚያ ጣሳ ፍለጋ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ።