ነጩ ሣጥን

በርበሬ ነጋዴው ሰይዶ ቡታጅራ በሚገኘው መጋዘኑ ውስጥ፣ ጭንቅላቱ የሚዛኑን ብረት መትቶ ሞቶ ሲገኝ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ያገኘችው ልጁ ፈቲሀ ናት። ጩኸቷን ሰምተው ጎረቤቶች ሲደርሱ መብራት ጠፍቷል፤ እሷ ከአባቷ እግር የወለቀውን ጫማ ታቅፋ መሬት ተቀምጣለች።

በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ፣ ኢንስፔክተር ዘርፈሽዋል ከወልቂጤ ደረሰች። በሩ አልተሰበረም። ሟቹ ከፊት ተገፍቶ ነው የወደቀው። የገፋው የሚያውቀው ሰው ነው።

«ትናንት ጠዋት ከአባትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?» አለቻት ፈቲሀን።

«አዎ። ድረ ገጻችን በኮምፒውተር ካልሆነ በወጉ አይታይም። ማስታወቂያ የሚወጣበት ሣጥን በስልክ ሲከፈት ባዶ ነጭ ነው። ‹አባ፣ የዛሬ ደንበኛ የሚፈልገን በስልኩ ነው፤ ነጭ ሲያይ ዘግተዋል ብሎ ወደ ሌላ ይሄዳል› አልኩት። ‹ንግድ ልታስተምሪኝ ነው?› አለኝ። ሳልሰናበተው ወጣሁ።»

ጭቅጭቁን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የከተማው ፖሊሶች ሊያስሯት ቆመዋል።

ቀጥሎ የተጠየቀው ተፎካካሪው ነጋዴ ሙሀመድሰይድ ነው። «መስጊድ ነበርኩ፤ ጀመዓው አይቶኛል። ድረ ገጽ አልሽኝ? የእኔ ስልክ እኮ ባትሪ ከማብራት ሌላ ሥራ የለውም!» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ዕድሜ ልካችንን በገበያ ስንሟገት ኖርን። አሁን ከማን ጋር ልሟገት?»

የሰይዶ የእህት ልጅ ከማሉ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያደገው፣ ቀና ብሎ አላየም።

«እንሴኖ ገበያ ነበርኩ። በአላህ፣ ፈቲሀን አትሰሯት! አጎቴ ታርቋት ነበር። ሥራውን ለእሷ እንደሰጣት፣ እዚያው ሆኜ ድረ ገጻችን ላይ በስልኬ አንብቤያለሁ።»

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ዘርፈሽዋል የመጋዘኑን ኮምፒውተር አስከፈተች፤ አይታ ስትጨርስ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄዳ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ከማሉ፣ ያነበብከውን በስልክህ አሳየን።»

ከፈተው። የቀይ በርበሬ ፎቶ፣ ከሥሩ ነጭ ሣጥን። ሌሎችም በየስልካቸው ከፈቱ። ሁሉም ጋ ነጭ።

«ማስታወቂያው አለ» አለች ዘርፈሽዋል። «ሰይዶ ያወጣው ግን መብራቱ ሊጠፋ ሲል ነው። በስልክ አይታይም። በኮምፒውተር እንዳይባል፣ ከዚህ እስከ እንሴኖ ትናንት የጠፋው መብራት የመጣው አሁን ነው። ስለዚህ ያነበበው፣ ሲጻፍ አጠገቡ የቆመ ሰው ብቻ ነው።»

ከማሉ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ።

«ጀርባዬ ያን ሁሉ ከረጢት ተሸክሞ … ‹ከእንግዲህ የምታዝህ ፈቲሀ ናት› አለኝ። ገፋሁት። የሚነሳ መስሎኝ ነበር።»

«ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?» አለችው ዘርፈሽዋል።

«እሷን ሊያስሯት ነበራ!»

ፈቲሀ አላየችውም። «ምን ብሎ ነው የጻፈው?» አለች።

ዘርፈሽዋል እጇን ይዛ ወደ መጋዘኑ ወሰደቻት። የኮምፒውተሩ ማያ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ የንግድ ቤታችን ኃላፊ ልጄ ፈቲሀ ናት። ድረ ገጻችንን በስልክ እንዲታይ አድርጋ ታሠራዋለች። እውነቷን ነው።»

ሰይዶ ጥፋቱን በአፉ የሚያምን ሰው አልነበረም። ልጁ ይህን ስለምታውቅ፣ ትናንት አኩርፋ ከወጣች በኋላ፣ ምናልባት አንድ ቃል ጽፎልኝ ይሆናል ብላ ድረ ገጹን በስልኳ ደጋግማ ከፍታ ነበር።

ነጭ ነበር።